በገመድ አትወጣም የተባለችው መኪና

ጋራዥ የገባሁ ቀን የተሰጠኝ መሣሪያ የእጅ ባትሪ ነበር። አለቃዬ ማስተር ከድር የጭነት መኪና ሥር ተንጋሎ ገብቶ፣ «እኔ የማየውን አብራ፤ አንተ የምታየውን አይደለም» አለኝ። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ከትምህርት ቤት የተባረርኩ አይደለሁም፤ ትምህርቱን ያባረርኩት እኔ ነኝ። ባትሪውን ይዤ ብዙ ስቆይ ክንዴ ዛለና ብርሃኑ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ማስተር ከድር ከሥር ሆኖ፣ «የሚንቀጠቀጠው መኪናው ነው ወይስ አንተ ነህ?» ሲል ጋራዡ በሙሉ ሳቀብኝ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ቦንጋ የሚያልፍ እንግዳ ራዲያተሩ ፈልቶበት በራችን ላይ ቆመ። መኪናው ጥቁር፣ ረጅም፣ ጀርመን ሠራሽ ቅንጡ ነበር። የፋብሪካውን ስም አልጠራም፤ ሳይከፍሉኝ ማስታወቂያ አልሠራላቸውም። ማስተር ከድር ኮፈኑን ሲከፍተው ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ያ ሁሉ ሽቦና ቱቦ ሳይጠላለፍ እንደ ሶላት ሰልፍ ተደርድሯል። እጄን ስዘረጋ፣ «እጅህን ኪስህ ክተትና እይ» አለኝ። ከትቼ አየሁ። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይላሉ፤ እኔ ግን አንዴ አየሁትና አርባ ዓመት ሙሉ ናፈቀኝ።

በእኛ ጊዜ ጋራዥ ውስጥ ማዕረግ ነበር። መጀመሪያ ባትሪ ያዥ ትሆናለህ፣ ቀጥሎ ዕቃ አጣቢ፣ ከዚያ ረዳት፣ ከዚያ መካኒክ። ማስተር የሚሉህ ሌሎች መካኒኮች ሊጠይቁህ ሲመጡ ነው። ማስተር ከድር ካቻቢቴ ጠይቆህ ፒንሳ ብታቀብለው አይቆጣም፤ ዝም ብሎ ያይሃል። ያ አስተያየት ከቁጣ ይከፋል። እኔ ማስተር ለመባል አሥራ ስምንት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ዛሬ ልጆቹ በስድስት ወር ይሆናሉ፣ ማሻአላህ።

በኋላ ጅማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር የራሴን ጋራዥ ከፈትኩ። ጅማ ላይ መኪና ብቻ ጠግኖ መኖር ግን ከባድ ነው፤ ዋናው ሥራ የቡና ወቅት ነው። ቡና ሲቀላ የእሸት መፈልፈያው፣ የውሃ ፓምፑና ጄኔሬተሩ በአንድ ጊዜ መበላሸት ይጀምራሉ፤ ተማክረው የሚያደርጉት ነው የሚመስለኝ። ያኔ መሣሪያዬን አሮጌዋ ፒክአፕ ላይ ጭኜ ደዶ፣ አጋሮ፣ የተጠራሁበት ሁሉ እሄዳለሁ። የሦስት ወሩ ሥራ ዓመቱን ሙሉ ያኖረናል። ፒክአፕ የሌለው መካኒክ በቡና ወቅት ቤቱ ይቀመጣል።

ካቻምና መስከረም ላይ ከአጋሮ ተጠራሁ። የጠሩኝ ሐጂ ጀማል ናቸው፤ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው፣ ዓይናቸው የደከመ፣ ስማቸው ግን ገና ያልደከመ የቡና ነጋዴ። ጄኔሬተራቸውን አይቼ ስጨርስ መጋዘኑ ጥግ ላይ በሸራ የተሸፈነ ረጅም ነገር አየሁ። የመጋዘኑን ጠባቂ አባ ገሮን፣ «እሱ ደግሞ ምንድን ነው?» አልኳቸው።

አባ ገሮ ሸራውን ገለጡት። ወላሂ፣ የዚያችው ፋብሪካ ልጅ ናት! ጥቁር፣ ረጅም፣ አፍንጫዋ እንደዚያው ኩሩ። እርግጥ አራቱም ጎማ ተኝቷል፤ የፊት መብራቷ ውስጥ ሸረሪት ቤት ሠርታለች፤ የወንበሯ ቆዳ ተሰነጣጥቋል። ግን አንድም ጭረት የለባትም። አባ ገሮ በየጁምዓው ዋዜማ አቧራዋን ይወለውሉላት እንደነበር ነገሩኝ። አሥራ አንድ ዓመት ቆማለች። ሐጂ ዓይናቸው ሲደክም ቁልፉን ኪሳቸው ከተው፣ ማንም አይነዳትም ብለው ያቆሟት ቀን እንደቆመች ናት።

«ሐጂ፣ ይሽጡልኝ» አልኳቸው ሻይ ሳልቀምስ።

«ያ ነስሩ፣ አብደሃል?»

«አዎ፣ ሐጂ።»

ሳቁ። አዲስ ሳለች በእሷ ዋጋ ፎቅ ይሠራ ነበር። አሁን ግን የማትነሳ መኪና ብረት ናት፤ እሳቸውም ያውቁታል። የልጅ ልጃቸው ቡና የሚያመላልስበት ፒክአፕ ይፈልግ ስለነበር በልዋጭ ተስማማን፤ የእኔ ፒክአፕ ለእሳቸው፣ መኪናዋ ለእኔ። ሦስት ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ልንፈርም ስንል ሐጂ ከዘራቸውን መሬት ላይ መታ አደረጉ።

«አንድ ነገር አለ። በዚህች መኪና አጋሮን አቋርጬ ስሄድ ሱቅ ውስጥ ያለ ሰው ይነሳልኝ ነበር። በገመድ እየተጎተተች በገበያው መሃል አታልፍም። በጭነት መኪና ተጭናም አትወጣም። በራሷ ሞተር ከወጣች ወሰድካት።»

«ካልተነሳችስ?»

«የዘንድሮ ጀንፈል፣ ደረቁ ቡና፣ ሊገባ ሲል መጋዘኔን እፈልገዋለሁ። እስከዚያ ካልተነሳች ብረት ቆራጮቹ እዚሁ ቆራርጠው ይውሰዷት። እነሱ የሚከፍሉትን ትወስዳለህ።»

ፈረምኩ። እንኳን ይህን፣ ምንም ቢሉኝ እፈርም ነበር።

ማታ ለባለቤቴ ለዘይነብ ነገርኳት። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝና፣ «ፒክአፑ እንጀራችን ነው፤ ወቅቱ ሊገባ ወር ተኩል ቀርቶታል፤ አንተ የሐጂ መኪና አማረህ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች!» አለችኝ። እውነቷን ነው። መኪናዋ ካልተነሳች መኪናም የለኝ፣ ፒክአፕም የለኝ፣ የዓመቱ ሥራም የለኝ። ይህን እያወቅሁ ያን ሌሊት ከደስታዬ ብዛት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ከማግስቱ ጀምሮ የመሣሪያ ሣጥኔን ታቅፌ በሚኒባስ ከጅማ አጋሮ መመላለስ ጀመርኩ። ረዳቶቹ ሣጥኑን እንደ ሰው ያስከፍሉኛል። አሮጌውን ነዳጅ ቀዳሁ፤ ሽታው ቫርኒሽ ሆኗል። ዘይት ቀየርኩ፤ ጎማዎቹን አስነፋሁ። ካንዴላዎቹን ፈትቼ በየቀዳዳው ትንሽ ዘይት ጠብ አድርጌ አሳደርኩና ሞተሩን በእጄ በቺያቤ አዞርኩት። ዞረ! ሳይነክስ፣ ሳይንቋቋ፣ እንደ ቅቤ። ብቻዬን ጮህኩ። አባ ገሮ ደንግጠው ከጆንያ ክምር ኋላ ብቅ አሉ።

«ምነው፣ እባብ ነው?»

«ሞተሩ ጤነኛ ነው አባ ገሮ! ሞተሩ ጤነኛ ነው!»

«ታዲያ ምን ያስጮህሃል?» ብለው ተመለሱ።

አዲስ ባትሪ ገጠምኩ። ማስነሻው ሞተሪኖ ያዞራታል፤ እሷ ግን አትይዝም። አይጥ የቆረጣቸውን ሽቦዎች ቀጠልኩ፤ አልያዘችም። የነዳጅ ፓምፑን ቀየርኩ፤ አሮጌው ምንም ሳይሆን። ፊውዞቹን አንድ በአንድ ፈተሽኩ፤ ደህና ናቸው። ካንዴላው ግን እሳት አይሰጥም። ሥራውን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ሞተሩ የሞተ ቢሆን ሰው ትቶት ያርፋል። ጤነኛ ሆኖ እምቢ ያለ ሞተር ነው ሰው የሚያሳብደው።

ሐጂ በየቀኑ ከዙሁር ሶላት በኋላ ከዘራቸውን ይዘው ይመጡና ጆንያ ላይ ይቀመጣሉ።

«ዛሬስ እንዴት ዋለች?»

«ዛሬ ሙዷ ደህና ነው ሐጂ፤ ነገ ኢንሻአላህ።»

«ትናንትም ነገ ነበር ያልከኝ» ይሉና ከዘራቸውን ያወዛውዛሉ። አባ ገሮም ትንሽ ራቅ ብለው ቆመው ያዩኛል። አንዳንዴ አንድ ነገር ሊናገሩ አፋቸውን ከፈት ያደርጋሉ። እኔ አንገቴን ኮፈኑ ውስጥ ቀብሬ ስለምውል ማንንም አልሰማም። የቡና ጠባቂ ስለ መኪና ምን ይነግረኛል? ያኔ በልቤ ያልኩት ይህንን ነው፤ ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ።

በአምስተኛው ሳምንት መጀመሪያ ቆራጮቹ መጡ። ሁለት ናቸው። ጉሊት ላይ ጎመን እንደሚያይ ሰው እየዞሩ አዩዋት። አንደኛው በሯን ከፍቶ ዘጋ፣ ከፍቶ ዘጋ፣ ድምፁን ወደደው።

«አባት፣ በሮቹን ለብቻ እንወስዳለን። መስታወቱም ገበያ አለው። የቀረውን በመጋዝ።»

«በሩን ልቀቅ!» አልኩት። እኔ ራሴን አላወቅሁትም። በእጄ ትልቁ ቺያቤ ነበር፤ ልጁ በሩን ለቀቀ። ሲወጡ የሁለት ሳምንት ቀጠሮ ከሐጂ ይዘው ነው የወጡት።

ያን ዕለት ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ለሕይወት ደወልኩላት። ሕይወት ጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት፤ የደሴ ልጅ። የመምህራኑን መኪና ስጠግን ነው የተዋወቅነው። የመኪና ኮምፒውተር የሚያነብ መሣሪያ አላት፤ እኔ ከዚያ በፊት «የዶክተር ጨዋታ» እያልኩ አሾፍባት ነበር። ቅዳሜ ጠዋት አጋሮ መጣች። መኪናዋን እንዳየች ከቦርሳዋ መሣሪያውን ሳታወጣ ስልኳን አወጣችና ፎቶ አነሳቻት።

«ጋሼ ነስሩ፣ ይቺን ደብቀው ነው እስከ ዛሬ?»

መሣሪያዋን ሰካች። ጠበቀች። ነቀለችና እንደገና ሰካች።

«ጋሼ፣ ወላ አንድ ሲግናል የለም። ዋናው ኮምፒውተሯ ጭራሽ አይመልስም። የት ነው ያለው?»

«ኮፈኑ ውስጥ ነዋ። ሺ ጊዜ አይቼዋለሁ።»

«እሱ ሌላ ነው። የዚህ ሞዴል ዋናው ከተሳፋሪው እግር ሥር፣ ምንጣፉ ውስጥ ነው።»

ፊውዞቹን ስፈትሽ ተንበርክኬ የሠራሁት እዚያ ምንጣፍ ላይ ነው። ከላይ ደረቅ ነበር። ጠርዙን በካቻቢቴ አንስተን ስንገልጠው ሥሩ ያለው ስፖንጅ ውሃ ጠጥቶ አብጧል። የኮምፒውተሩ ሣጥን ውሃ ውስጥ ተኝቷል። በውሃው ላይ ደግሞ የቡና ገለባ ይንሳፈፋል፤ እፍኝ ሙሉ።

«አይጥ!» ብዬ ጮህኩ። «ይቺ የተረገመች አይጥ ገለባውን አግዛ አግዛ ጎጆዋን ሠራችበት!»

ከኋላዬ አባ ገሮ ቀስ ብለው፣ «ሚቲ፣ አይጥ አይደለም» አሉ። «እኔ ነኝ።»

ሁላችንም ዞርን። ሐጂም ከጆንያቸው ላይ ቀና አሉ።

«መኪናዋ በቆመች በመጀመሪያው ክረምት ጣሪያችን ያፈስ ጀመር። ቡናውን ወደ ደረቁ ጥግ አዛወርነው፤ እሷ ግን አትገፋም፤ ሐጂ ቁልፉን አልሰጡኝም። እኔ እርጥበት አውቃለሁ። አርባ ዓመት ከእርጥበት ጋር ነው የተጣላሁት። እርጥበት በቀዳዳ ነው የሚገባው። ስለዚህ ቀዳዳዋን ሁሉ ፈልጌ፣ በደንብ የደረቀ ገለባ ጠቅጥቄ ደፈንኩላት። በየዓመቱ አድስላት ነበር።»

የጣሪያ መስኮት ያለው መኪና በአራት ማዕዘኑ ቀጫጭን የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎች አሉት። ዝናቡ በእነዚያ በኩል ወርዶ ከመኪናው ሥር ይፈስሳል። አባ ገሮ የደፈኑት እነሱን ነው። ውሃው መውጫ ሲያጣ ወደ ውስጥ ሞልቶ በምሰሶዎቹ ተንጠባጠበና ምንጣፉ ሥር ገባ፤ ገለባውንም ይዞት ገባ። እሳቸው ከእርጥበት ሊያድኗት አሥራ አንድ ክረምት በእርጥበት አኖሯት።

«ታዲያ አባ ገሮ፣ አምስት ሳምንት ሙሉ እያዩኝ ለምን አልነገሩኝም?»

«አልጠየቅኸኝማ» አሉኝ። «ደግሞ ጥሩ ያደረግሁ መስሎኝ ነበር እኮ።»

አንገታቸውን ደፉ። ሐጂ ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ጥርስ የሌለው ድዳቸው እስኪታይ ሳቁ። «ለቡናዬ የሚያደርገውን ነው ያደረገላት! ከልጆቼ እኩል አድርጎ ጠበቀልኝ ማለት ነው» አሉ። ሕይወት ሳቅዋን መያዝ አልቻለችም። አባ ገሮ ግን አልሳቁም።

ጀንፈሉ ሊገባ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። ሕይወት ሣጥኑን ፈታች። ውስጡ አረንጓዴ ዝገት ይዞ ሻጋታ ያበቀለ መስሏል። በአልኮልና በጥርስ ብሩሽ ለረጅም ጊዜ አጠበችው፤ ደጋግማ ታየዋለች፣ ታሸዋለች፣ እንደገና ታየዋለች። ከዚያ መድረቅ አለበት። እኔ ተቀብዬ ወጣሁና ቀትር ፀሐይ ላይ፣ ቆርቆሮ ላይ ላሰጣው ስል አባ ገሮ እጄን ያዙኝ።

«ማሎ! በቀትር? ቡና እንኳ በቀትር ፀሐይ ይሸፈናል። ቶሎ የደረቀ ነገር ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይቀራል፣ አለዚያ ይሰነጠቃል። ለእኔ ስጠኝ።»

ሕይወትን አየኋት። «ልክ ናቸው ጋሼ» አለች።

ሰጠኋቸው። አባ ገሮ በቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ ንጹሕ ነጠላ አነጠፉና አሰጡት። ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ ያወጡታል። ቀትር ላይ ይሸፍኑታል። ከዓሥር ሰዓት በኋላ ይገልጡታል፣ ያገላብጡታል፤ ጤዛ ሳይወርድ ያስገቡታል። አራት ቀን ሙሉ ከአጠገቡ አልተነሱም፤ ዶሮ እንኳ አላስጠጉም። በአምስተኛው ቀን በጉንጫቸው ነክተው፣ «አሁን ጋሪዳ፣ ደርቋል» አሉ። ሕይወት ወደ ካምፓስ ወስዳ የተበጠሱትን ሁለት ቀጭን መስመሮች በአጉሊ መነጽር ሥር በየደችልኝ። እኔ በበኩሌ ገለባውን ከየቀዳዳው በቀጭን ሽቦ እየጎረጎርኩ አወጣሁ፤ አባ ገሮ «እዚህም አለ፣ እዚያም አለ» እያሉ አንድ በአንድ አሳዩኝ። አንዱንም አልረሱም።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት የመጀመሪያው የጀንፈል ጭነት በር ላይ ቆሟል፤ የጫነው የእኔው ፒክአፕ ነው! አውራጆች ግድግዳ ተደግፈው ይጠብቃሉ። ቆራጮቹም መጥተዋል፣ መጋዛቸውን ይዘው። ሐጂ ነጭ በነጭ ለብሰው ከኋላ ወንበር ገብተው ተቀምጠዋል። «ካልተነሳች ውስጧ ሆኜ ልሰማው» ነው ያሉት።

ኮምፒውተሩን ሰካሁ። ቢስሚላህ ብዬ ቁልፉን አዞርኩ። ዞረች፣ አልያዘችም። ሕይወት መሣሪያዋን እያየች፣ «ሲግናል አለ! ጋሼ ሲግናል አለ፣ ይድገሙት!» አለች። ደገምኩ። አንዴ ሳል አለችና ዝም። ከውጭ ሰው ሁሉ «ውይ!» አለ። ሦስተኛውን አዞርኩ።

ተነሳች! አልሐምዱሊላህ፣ ተነሳች! መጀመሪያ እያነከሰች፣ ከዚያ እየተስተካከለች፣ ከዚያ በቃ ድምፅዋ ጠፋ፤ ቅንጡ መኪና ሲነሳ እንዲያ ነው፣ መነሣቱን የምታውቀው በእጅህ ነው። የጭስ ማውጫዋ መጋዘኑን በጭስ ሞላው። የአየር ማስገቢያዋ ደግሞ ሽቦዬ ያልደረሰበትን የአሥራ አንድ ዓመት ገለባ በአንድ ጊዜ ተፋና የሐጂን ነጭ ልብስ ቡናማ አደረገው። ሐጂ በሳቅ ፈረሱ። አውራጆቹ አጨበጨቡ። አንደኛው ቆራጭ ሳይቀር ሲያጨበጭብ አይቼዋለሁ።

ለምርመራ ወደ ጅማ እንደምወስዳት ለትራፊክ አስቀድሜ አሳውቄ ወረቀት ይዣለሁ። ልወጣ ስል ሐጂ፣ «ቆይ! አባ ገሮ የት አለ? ኮቱ፣ ከፊት ግባ!» አሉ። አባ ገሮ ጫማቸውን በር ላይ አወለቁ። አሥራ አንድ ዓመት ሲወለውሏት ውስጧ ተቀምጠው አያውቁም ነበር። በባዶ እግራቸው፣ ያን ሁሉ ዓመት ውሃ ይዞ የኖረውን ምንጣፍ ረግጠው ተቀመጡ፤ አሁን ደርቋል።

በአጋሮ ገበያ መሃል ቀስ ብዬ ነዳሁ። ባጃጆች ዳር ያዙ። አሮጌዎቹ ነጋዴዎች ከሱቃቸው ወጡ። ሐጂ ዓይናቸው ስለማያሳያቸው ወደ ፊት ጎንበስ ብለው፣ «አባ ገሮ፣ ሰው እያየ ነው?» አሉ።

አባ ገሮ መስኮቱን ዝቅ አድርገው ግራና ቀኝ አዩ። «ኤዬ ሐጂ። ሁሉም ቆመዋል» አሉ።

ያን ወቅት ደዶ ድረስ የእሸት መፈልፈያ ልጠግን የሄድኩት በእሷ ነው። መሣሪያዬን ከኋላ ጭኜ ስደርስ ትልቅ ባለሥልጣን የመጣ መስሏቸው ሠራተኞቹ በጥድፊያ ግቢውን ይጠርጉ ነበር። ዛሬም በሷ ነው የምሄደው፤ ዘይነብም ከፊት ትቀመጣለች።

እናንተ ወጣት መካኒኮች የቆመ መኪና ሲያጋጥማችሁ ኮፈኑን ከመክፈታችሁ በፊት የጠበቀውን ሰው ጠይቁ። እኔ አባ ገሮን የመጀመሪያው ቀን ጠይቄያቸው ቢሆን ኖሮ አምስት ሳምንቱ አይባክንም ነበር፤ እሳቸውም በሰው ፊት «እኔ ነኝ» ለማለት አይገደዱም ነበር።